ቡችላ ከመሸጡ በፊት ይመዝገብ? ስምስ ይውጣለት?

አሶሳ ውስጥ ቡችላ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ገበያ አይወጣም። ጎረቤቱን ወይም የሥራ ባልደረባውን ይጠይቃል፤ «የእነ እገሌ ውሻ ወልዳለች» ይባላል፤ ሄዶ ያያል፣ ይመርጣል፣ ጡት ሲጥል በካርቶን ይዞት ይመለሳል። ከከተማው ወጣ ሲባል ደግሞ ማሽላውንና በቆሎውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ የሚጠብቅ ገበሬ ያለ ውሻ መኖር ይቸግረዋል፤ እዚያም ቡችላ ከቤት ወደ ቤት የሚሄደው በቃል ነው። ገንዘብ ተከፈለም አልተከፈለም ወረቀት የሚባል ነገር የለም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በየከተማው «ጀርመን ሼፐርድ ነው»፣ «ክልስ ነው» እየተባለ በስልክ ፎቶ የሚሸጥ ቡችላ በርክቷል። ዋጋ ሲመጣ ጥያቄ አብሮ ይመጣል። ዕድሜው ስንት ነው? ተከትቧል? እናቱ የት ናት? ሻጩ ከመሸጡ በፊት ቡችሎቹን መመዝገብ አለበት? ስም አውጥቶ ነው የሚሰጠው ወይስ ለገዢው ይተዋል?

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ምዝገባው የሻጩ ግዴታ መሆን አለበት፤ ቡችላው ከእናቱ ሳይለይም መጠናቀቅ አለበት። ስሙን ግን ለገዢው ይተውለት። ሁለቱ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ጉዳይ ይነሳሉ፤ የሚሠሩት ሥራ ግን ለየቅል ነው።

የዘር መዝገብ በሌላው ዓለም

የውሻ የዘር መዝገብ በዘመናዊ መልኩ የተጀመረው እንግሊዝ ውስጥ ነው። የለንደኑ ኬነል ክለብ የተቋቋመው በ1873 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የአሜሪካው በ1884፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቤልጅየም የሚገኘው ዓለም አቀፉ የውሻ ፌዴሬሽን ደግሞ በ1911 ተከተሉ። ዓላማቸው አንድ ነበር፤ የዚህ ውሻ እናትና አባት እነማን ናቸው፣ የእነሱስ እናትና አባት እነማን ናቸው የሚለውን በጽሑፍ መያዝ።

ስም አወጣጥ ላይ ግን ተለያዩ። በእንግሊዝ አርቢው አንድ ላይ የተወለዱትን ቡችሎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ያስመዘግባል፤ የእያንዳንዱን የመዝገብ ስምም ያኔውኑ ይሞላል። በአሜሪካ አርቢው የሚያስመዘግበው ልደታቸውን ነው፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ቡችላ የሚሆን ቅጽ ለገዢው ይሰጣል፣ ስሙን ገዢው ሊሞላ ይችላል፤ ርዝመቱም እስከ 50 ፊደል ይፈቀዳል። ፈረንሳዮች ደግሞ ከ1926 ጀምሮ ለየዓመቱ አንድ ፊደል መድበዋል። በዘር መዝገብ የሚገባ ቡችላ የመዝገብ ስሙ በተወለደበት ዓመት ፊደል ይጀምራል። ስም ለማውጣት የሚያስቸግሩ ስድስት ፊደላት ስለተተዉ ዙሩ በ20 ዓመት ይሞላል፤ በ2024 ተራው የ«ቪ» ነበር፣ በ2025 ወደ «ኤ» ተመለሰ። የፈረንሳይ ውሻ አርቢ ስሙን ብቻ ሰምቶ የውሻውን ዕድሜ ይነግርዎታል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው የመዝገብ ስም ውሻውን ለመጥራት እንዳልተፈጠረ ነው። ወረቀቱን ከወረቀት ጋር ማገናኛ ነው። ሃምሳ ፊደል ያለው ስም ይዞ በግቢ ውስጥ «ና!» የሚል የለም፤ ባለቤቱ ቤት ውስጥ የሚጠራበት ሌላ አጭር ስም ያወጣለታል።

የእኛ የአበሻ ውሻ በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከታወቁት ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ አሶሳ ላይ ስለ ምዝገባ ስናወራ ስለ ዘር ንጽህና ወረቀት አይደለም የምናወራው። እንዲያውም «ንጹሕ ጀርመን ሼፐርድ» የሚለውን ወረቀት በሩቅ ብንፈራው ይሻላል፤ ምክንያቱ ከታች ይመጣል። እዚህ የሚያስፈልገው የጤናና የኃላፊነት መዝገብ ነው። ለዚያ ደግሞ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል።

እናቲቱ ያለችበት ቤት ብቻ የሚያውቀው

ቡችላ ከእናቱ ቤት ሲወጣ ሦስት ነገር እዚያው ይቀራል፤ የልደቱ ቀን፣ የእናቱ ማንነትና የወንድም እህቶቹ ዝርዝር። በኋላ የትኛውም የእንስሳት ሐኪም መርምሮ ሊያገኛቸው አይችልም። ዕድሜን ከጥርስ መገመት ይቻላል፤ ግን ግምት ነው። ለዚህ ነው መዝጋቢው ሻጩ መሆን ያለበት።

የልደት ቀን ለምን ይህን ያህል ይጠቅማል? ነገሩ የሚጀምረው ከእንገር ነው። ቡችላ ሲወለድ ከበሽታ የሚከላከልበት የራሱ አቅም ገና አልዳበረም። እናቱ በተወለደበት ዕለት በምታጠባው እንገር ውስጥ የራሷን የመከላከያ ንጥረ ነገር ታወርስለታለች። አንጀቱ ይህን እንዳለ ወደ ደም የሚያሳልፈው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ከዚያ በሩ ይዘጋል። የተወረሰው መከላከያ በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። እዚህ ላይ ነው አስቸጋሪው ነገር፤ የእናቱ መከላከያ ገና በደሙ ሳለ ክትባት ቢወጋ፣ ያ መከላከያ ክትባቱንም እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሊያከሽፈው ይችላል። በጣም ከዘገየ ደግሞ የእናቱ ስጦታ አልቆ፣ የራሱም ሳይተካ ሜዳ ላይ ይቀራል። በብዙ የእብድ ውሻ ክትባቶች መመሪያ ላይ የመጀመሪያው መርፌ በ12 ሳምንት፣ ድጋሚው ከዓመት በኋላ እንዲሆን የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዘመቻ ጊዜ ከሦስት ወር በታች ያሉ ቡችሎችም አብረው እንዲከተቡ ይመክራል፤ ቡችላን ለሁለተኛ ጊዜ ማግኘት በማይቻልበት አገር ያ ትክክለኛ ምክር ነው። ያኔም ቢሆን መቼ እንደሚደገም ለመወሰን የልደት ቀኑ ያስፈልጋል።

ብዙ ቡችሎች በስምንት ሳምንታቸው ወይም ከዚያም በፊት ይሸጣሉ። እንግዲህ አስቡት፤ የስድስት ሳምንት ቡችላ ይዞ «ሙሉ ክትባቱን ጨርሷል» የሚል ሻጭ እውነቱን እየተናገረ አይደለም። ታማኝ ሻጭ የሚጽፈው «ተከትቧል» ሳይሆን «በዚህ ቀን መከተብ አለበት» የሚለውን ነው።

እናቲቱም ራሷ መዝገቡ ላይ መኖር አለባት። ተከትባ ከሆነ ለልጆቿ የምታወርሰው አላት፤ ካልተከተበች ለእብድ ውሻ በሽታ የምታወርሰው የላትም። የአባትን ቦታ ግን በአብዛኛው «አይታወቅም» ብሎ መተው ታማኝነት ነው። ሴት ውሻ ወንድ በምትፈልግበት ጊዜ በሰፈሩ ያሉ ወንዶች ሁሉ ይከተሏታል፤ ከአንድ በላይ ሲያጠቋት ደግሞ በአንድ ማህፀን የተለያየ አባት ያላቸው ቡችሎች ሊያድጉ ይችላሉ። ጥቁሩ የአንዱ፣ ቡናማው የሌላው ሊሆን ይችላል። ከ63 ቀን ገደማ እርግዝና በኋላ የሚወለዱትን አይቶ «አባታቸው የኮሎኔሉ ጀርመን ሼፐርድ ነው» ማለት፣ ውሻዋ በዚያ ሰሞን በር ተዘግቶባት ካልነበረ በቀር፣ ምኞት ነው። በአሶሳ መጠን ባለች ከተማ የፈረንጅ ውሾች ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ሌላም አደጋ አለ። ወንድምና እህት ለተለያየ ሰፈር ይሸጡና ከሁለት ዓመት በኋላ «ንጹሕ ዘር ለንጹሕ ዘር» ተብለው ይገናኛሉ። እናታቸው አንድ መሆኗን የሚናገር ደብተር ካልኖረ ማንም አያውቅም፤ የሚወለዱት ደካሞች ሲሆኑም ምክንያቱ አይታወቅም።

የትውልድ ቦታንም መጻፍ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ላይ ቁም ነገር ነው። ክልሉ የቆላ ዝንብ ያለበት አገር ነው፤ ገንዲ ከብቱን እንደሚገድል ሁሉ ውሻንም ይይዛል። ከደጋ መጥቶ ዳቡስ ወይም በለስ ዳር የሚያድግ ቡችላ ሲከሳና ሲያተኩሰው፣ ባለሙያው ከሚጠይቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ «ከየት መጣ? መቼ መጣ?» የሚለው ነው።

አንዱ ቡችላ ሲታመም ሌሎቹን ማን ያገኛቸዋል?

ለኔ ትልቁ ምክንያት ይሄኛው ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይሄ ብቻ ደብተሩን ያስገዛል።

በእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚሞት ይገመታል፤ በኢትዮጵያ የተመራማሪዎች ግምት ወደ 2,700 ነው። በሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው። ከተነከሱት መካከል 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ሕክምና የለውም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብና በዚያው ቀን ክትባት መጀመር ሕይወትን ያድናል። ሐኪም ቤት ከመሄድ በፊት ሥር መፈለግ ወይም «እስኪ እንየው» ብሎ መቀመጥ የስንቱን ልጅ ሕይወት እንደቀጠፈ የጤና ባለሙያዎች ያውቁታል።

የበሽታው ተንኮል በሚደበቅበት ጊዜ ነው። ቫይረሱ ከተነከሰው ቦታ ተነስቶ በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ውሻ ላይ ይህ ጉዞ ብዙ ጊዜ ከሁለት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ይወስዳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውሻው ይበላል፣ ይጫወታል፣ ጅራቱን ይቆላል።

አሁን አሶሳ ላይ እናስበው። ስድስት ቡችሎች አንድ ግቢ ውስጥ ተወልደዋል እንበል። አምስት ሳምንት ሲሆናቸው አንድ ሌሊት ከውጭ የገባ የታመመ ውሻ ሁለቱን ይነክሳል። ቁስሉ ትንሽ ነው፤ በጸጉር ተሸፍኗል፤ ባለቤቷ ምናልባት አላየችም፤ ብታይም «ተደባድበው ነው» ብላ ታልፈዋለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቡችሎቹ ይከፋፈላሉ። አንዱ ባምባሲ ይሄዳል፣ አንዱ ሆሞሻ፣ አንዱ ኩርሙክ መንገድ ላይ ላለ ሱቅ ጠባቂነት ይወሰዳል፣ ሦስቱ ከተማው ውስጥ ይቀራሉ። ጥር ላይ የባምባሲው ቡችላ መብላት ያቆማል፣ ጨለማ ይፈልጋል፣ ልጆቹን መንከስ ይጀምራል። ቡችላ ስለሆነ ማንም አይደነግጥም፤ ቡችላ ሁልጊዜ ይነክሳል፤ ጥርሱ እንደ መርፌ ነው። ከዚያ ይሞታል። ጤና ጣቢያው የባምባሲን ልጆች ያክማል።

የኩርሙኩስ? ሁለተኛው የተነከሰ ቡችላ የትኛው ነው? ያ ቤት ልጆች አሉት?

ሻጯ ደብተር ካላት በአንድ ቀን ውስጥ አምስት ስልክ ተደውሎ አምስቱም ቤት ይነገራቸዋል፤ ቡችሎቹ ይለያሉ፣ የተላሱና የተነከሱ ልጆች ወደ ጤና ተቋም ይሄዳሉ። ደብተር ከሌላት «አንዱን ለአንድ ሾፌር ሰጥቼዋለሁ፤ ስሙን ረሳሁት» ነው የምትለው። ሴትዮዋ ክፉ ሆና አይደለም። ማንም ሰው ከሦስት ወር በፊት ቡችላ የሰጠውን ሰው ስልክ በቃሉ አይዝም።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ጤነኛ የሚመስል ውሻ ሰው ሲነክስ አሥር ቀን ታስሮ እንዲታይ ይደረጋል። ቫይረሱ ወደ ምራቁ የሚገባው ምልክቱ ሊታይ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ስለሆነ፣ ውሻው አሥሩን ቀን በጤና ከጨረሰ በነከሰበት ዕለት በምራቁ ውስጥ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። ይህ ዘዴ የሚሠራው ውሻው የማን እንደሆነ ሲታወቅ ብቻ ነው። ካልታወቀ ወይ ሰውየው ሙሉ ክትባት ይወስዳል፣ ወይ ውሻው ይገደልና አንጎሉ ለምርመራ ይላካል። ይህ ምርመራ በአገራችን ለረጅም ዘመን የተያዘው አዲስ አበባ ባለው፣ አሁን የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሚባለው ተቋም ነው። ከአሶሳ አዲስ አበባ ደግሞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ናሙና እንዳይበላሽ በበረዶ ይዞ ያን መንገድ መጨረስ ቀላል አይደለም።

ውሻን መዝግቦ መከተብ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ ከገጠር ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎች እየተሻገረ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያና እንደገና በ2003 እ.ኤ.አ. ብዙ ቀበሮ ጨርሷል። ከዚያ ወዲህ የቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራሙ በተራሮቹ ዙሪያ ያሉ ሰዎችን ውሾች ከቤት ቤት እየዞረ ይከትባል። የትኛው መንደር ውስጥ ስንት ውሻ እንዳለ ሳይያዝ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለውን 70 በመቶ መድረስ አለመድረስ ማወቅ አይቻልም። ለቀበሮ የተደረገው ለአሶሳ ልጆች የማይደረግበት ምክንያት አይታየኝም።

ደብተሩ ምን ይመስላል?

አንድ ገጽ ላሳይዎት። ከላይ እናቲቱ ናት፤ «ቡናማ፣ የቀኝ ጆሮዋ ጫፍ የተቆረጠ፣ አራት ዓመት ገደማ። የእብድ ውሻ ክትባት፦ ሰኔ 2017 ዓ.ም.» ከሥሯ «የወለደችበት፦ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኖቬምበር 12፣ 2025 እ.ኤ.አ.)። የተወለዱት ሰባት፤ አንዱ በሁለተኛው ቀን ሞተ። አባት፦ አይታወቅም።» ቀጥሎ የትል መድኃኒት የተሰጠበት ቀን፤ «ኅዳር 17፣ ታኅሣሥ 1፣ ታኅሣሥ 15፣ ታኅሣሥ 29።» በየሁለት ሳምንቱ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ትል ከእናት ወደ ቡችላ ገና በማህፀንና በጡት ስለሚያልፍ፣ ከቡችላ ሰገራ ደግሞ አፈር ላይ ወደሚጫወቱ ልጆች ስለሚሻገር ነው። ከዚያ ቡችሎቹ አንድ በአንድ ይዘረዘራሉ፤ «ቁጥር 3፦ ወንድ፣ ጥቁር፣ ደረቱ ላይ የጣት ጫፍ የሚያህል ነጭ፤ የግራ የኋላ እግሩ ጣቶች ነጭ። የእብድ ውሻ ክትባት ቀጠሮ፦ ጥር 27 ቀን 2018 ዓ.ም. የወሰደው፦ ______ ስልክ፦ ______ ቀን፦ ______ ስም፦ ______»

የልደቱ ቀን በሁለት አቆጣጠር የተጻፈው ለጌጥ አይደለም። የክትባት ብልቃጥ ላይ ያለው ቀን የአውሮፓውያን ነው፤ የእኛ ደብተር በእኛ አቆጣጠር ነው። «3/3/2018» ብቻ የተጻፈበትን ወረቀት ለውጭ አገር ሰው ቢያሳዩ፣ ውሻው በማርች 2018 የተወለደ የሰባት ዓመት ውሻ ይመስላል፤ እኛ ግን የምናወራው ስለ ሦስት ወር ቡችላ ነው። ወሩን በፊደል መጻፍና «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለት ይህን ስህተት ከሥሩ ይነቅለዋል።

ክትባት ሲሰጥ ባለሙያው ከብልቃጡ ላይ ትንሿን ወረቀት ልጦ ደብተሩ ላይ እንዲለጥፍልዎት ይጠይቁ። እዚያ ላይ የክትባቱ ስም፣ የምርት ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን አለ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ ያለበት ነገር ነው፤ በአሶሳ ሙቀት መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ምን እንደሆነ መጠየቅም መብትዎ ነው።

ቡችሎቹ የሚመሳሰሉ ከሆነ የተለያየ ቀለም ያለው ክር አንገታቸው ላይ ይታሰራል። ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው፤ ቡችላ በቀናት ውስጥ ስለሚያድግ በየሁለት ቀኑ ይላላ፤ ካልተላላ ያንቃል። ክሩን ከመታመን ይልቅ ግን ከግራ፣ ከቀኝና ከፊት በስልክ ፎቶ ማንሳት ይሻላል።

ገዢው ሲመጣ የሱ ገጽ ቅጂ ይሰጠዋል፤ ፎቶውም ይበቃል። ሁለቱም በቀኑ ላይ ይፈርማሉ። በስጦታ የሚሄደውም ቡችላ እንደዚሁ ነው። በአሶሳ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ዘንድ ለውሻ ዋጋ መቀበልን የማይወድ ብዙ ነው፤ በኦሪት የውሻ ዋጋ ለስእለት እንዳይገባ ተከልክሏል፣ በሐዲስም የውሻ ዋጋ ተነቅፏል፣ ለአደንና ለጥበቃ የሚሆነውን በተመለከተ ደግሞ ሊቃውንቱ ተለያይተዋል። ያ የየሰው እምነት ነው። በሽታው ግን ገንዘብ ተከፍሎ እንደሆነ አይጠይቅም።

ፊርማው በሕግ ዘንድም ጥቅም አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ እንኳ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ማክሰኞ የሸጡት ቡችላ ረቡዕ ሰው ቢነክስ ባለቤቱ ማን ነበር? በቃል የተደረገ ርክክብ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል፤ ቀንና ፊርማ ያለበት ገጽ ግን ጉዳዩን ይዘጋዋል።

ስሙን ለምን ለገዢው እንተው?

ውሻ ስሙን የሚያውቀው እንደ ስም አይደለም። አንድ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ምግብ፣ ጨዋታ ወይም ደግነት ከተከተለ ወደዚያ ድምፅ መዞርን ይለምዳል። የአራት ሳምንት ቡችላ ከወንድሞቹ ጋር ተጠቅልሎ እያለ ሻጩ «ነብሮ» ቢለው ያ ድምፅ ለስድስቱም የተሰማ ድምፅ ነው፤ የሱ ብቻ አይሆንም። አዲሱ ቤት ገብቶ በአጭር ስም፣ በየቀኑ፣ ቁራሽ እንጀራ እየተሰጠው ሲጠራ ግን በጥቂት ቀናት ይይዘዋል። ቡችላ ከሰው ጋር መልመድ የሚቀለው ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ገደማ ስለሆነ፣ ያ የመጠሪያ ልምምድ የሚጠቅመው አብሮት ከሚኖረው ሰው አፍ ሲሰማው ነው።

ሌላው ምክንያት የቤቱ ነው። ስም ያወጡለትን እንስሳ ሰዎች ይቆጥሩታል፣ ሲታመም ያስታምሙታል፣ ሲጠፋ ይፈልጉታል። ልጆች በተከራከሩበት ስም የሚጠራ ውሻ የሰፈር ውሻ ሆኖ አይቀርም። ሰው ስም ሳይሰጥ ማለፍ ይከብደዋል። በቁርኣን የዋሻው ሰዎች ታሪክ ላይ በዋሻው ደጃፍ የተኛው ውሻ ስሙ አልተነገረም፤ ተራኪዎች ግን «ቂጥሚር» ብለው ሲጠሩት ኖረዋል። በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያን በመንገዱ የተከተለውም ውሻ ስም የለውም፤ አሁንም ድረስ «የጦብያ ውሻ» ነው፤ በባለቤቱ ይታወቃል።

ሻጩ ስም ቢያወጣ ኃጢአት አይደለም። ግን ስምን በምዝገባ ቦታ ሲያስቀምጠው ነው ችግሩ። «ስሙ ጃክ ነው፣ ተከትቧል፣ ውሰደው» የሚለው ንግግር ሁሉም ነገር የተሟላ ያስመስለዋል። በሰፈሩ ስንት ጃክ አለ? ስም ይለወጣል፣ ይደገማል፣ ይረሳል። ቁጥር 3 ሆኖ ከእናቱና ከልደቱ ቀን ጋር የተጻፈው ግን አይለወጥም።

ድንበር ሲሻገር ይህ ይበልጥ ይታያል። አሶሳ በስደተኞች ጉዳይ የሚሠሩ የውጭ ድርጅቶች ሠራተኞች የሚመጡባት ከተማ ናት፤ አንዳንዱ ሲመለስ ያሳደገውን ቡችላ ይዞ መሄድ ይፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ውሻ የሚጠይቀው መጀመሪያ ማይክሮቺፕ ነው፤ ከቆዳ ሥር የምትገባ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር ስትሆን 15 አኃዝ ያለው ቁጥር ትይዛለች። ከሷ በኋላ የእብድ ውሻ ክትባት፣ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ የደም ምርመራ፣ ከደም ናሙናው በኋላ ደግሞ ሦስት ወር መቆየት ግድ ነው። ክትባቱ ከቺፑ ከቀደመ እንደገና መከተብ ይመጣል። አሜሪካ ከኦገስት 2024 ጀምሮ ከስድስት ወር በታች ያለ ውሻ አታስገባም፤ ዕድሜውን የሚያሳይ ወረቀት ትጠይቃለች። በእነዚህ ሁሉ ቅጾች ላይ የውሻው ስም ምንም አይወስንም። በእንግሊዝም ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቡችላ በስምንት ሳምንቱ ቺፕ እንዲገባለት የሚያስገድደው ሕግ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ባለቤት አርቢው እንዲሆን ነው የደነገገው።

ለምን አይደረግም ታዲያ?

ሰዎች መዝገብ የሚፈሩበት ምክንያት አላቸው። ቀበሌ ስንት ውሻ እንዳላቸው ካወቀ ክፍያ ይመጣል ብለው ያስባሉ፤ የባዘኑ ውሾችን በመርዝ የማስወገድ ዘመቻ ያዩ ሰዎች ደግሞ ዝርዝሩ ለዚያ እንዳይውል ይሰጋሉ። ፍርሃቱ ትክክል ነው፤ ውሻ መግደል የእብድ ውሻ በሽታን እንደማያቆም የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ ተናግሯል፤ የተገደለውን ቦታ ያልተከተበ ሌላ ቡችላ ይሞላዋል። ስለዚህ ደብተሩ በመጀመሪያ የሻጩ ይሁን፣ በቤቱ ይቀመጥ። ወደ እንስሳት ጤና ኬላው የሚሄደው በፈቃድ፣ ለክትባት ቀጠሮ ብቻ ይሁን። ምዝገባን ከቅጣት ጋር ያገናኘ አስተዳደር የሚያገኘው የተደበቀ ውሻ ነው።

ገዢም ሻጩ እስኪለወጥ መጠበቅ የለበትም። እናቲቱን ሳያዩ ቡችላ አይቀበሉ፤ በእንግሊዝ ከ2020 ጀምሮ ከስድስት ወር በታች ያለ ቡችላ በደላላ እንዳይሸጥ የተከለከለው ገዢው እናቱን ማየት እንዲችል ጭምር ነው። የቡችላውን አፍ ከፍተው ይመልከቱ። የፊት ጥርሶቹ ገና ብቅ እያሉ ከሆነ ከአንድ ወር ብዙም አልዘለለም፤ ከእናቱ ሊለይ አይገባም። ሃያ ስምንቱ የወተት ጥርሶች በስምንት ሳምንት ገደማ ይሟላሉ። የፊቶቹ ወልቀው ሰፋፊዎቹ መተካት ከጀመሩ ሦስት ወር አልፎታል፤ «ስምንት ሳምንቱ ነው» ያሉዎትን ሰው እንደገና ይጠይቁ።

ሻጩ ደብተር ከሌለው እዚያው ቆመው በስልክዎ ይጻፉት፤ የተወለደበትን ቀን፣ የእናቲቱን መልክና ክትባት፣ ስንት ሆነው እንደተወለዱና ሌሎቹ የት እንደሄዱ። ለሻጩም ይላኩለት። ቤትዎ ገብቶ ስም ሲወጣለት ደግሞ ደውለው ስሙን ይንገሩት፤ ከቁጥሩ ጎን ይጻፈው። እሱም የሌሎቹን ገዢዎች ስልክ ከዚያ ገጽ ላይ አብሮ ይያዝ።